ከተኩሱ እስከ ቢላዋው

እንግሊዝኛ አጥርቼ ማንበብ የተማርኩት ከአዳኞች መመሪያ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። ባለቤቴ ብቻ አይስቅም፤ ለምን እንደማይስቅ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመታቸውን ካከበሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የምንኖረው እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነበር። ሥራዬ ግን ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ መውጫ ላይ፣ ከስልክ ቤት እምብዛም በማትበልጥ የመስታወት ቡዝ ውስጥ ተቀምጦ ትኬት መቀበል ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ያሰለቻል ይላሉ፤ እኔን አላሰለቸኝም። በመኪናና በመኪና መካከል መጽሐፍ ይነበባል። አገር ቤት ሳለሁ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እናቴ ታመመች፣ ታናናሾቼን የሚይዝ ሰው ጠፋ፣ በዚያው ቀረሁ። በአማርኛ የተጻፈ ነገር ግን፣ ስኳር የተጠቀለለበት ቁራጭ ጋዜጣም ቢሆን፣ ሳላነብ ጥዬ አላውቅም። እንግሊዝኛውን ግን የገዛ ቡዜ መስታወት ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እንኳ በግምት ነበር የምረዳው። ግምት ደግሞ አልወድም።

አርባ አንድ ዓመት ሲሞላኝ፣ ከሥራዬ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለው ቤተ መጻሕፍት ለትልልቅ ሰዎች በነጻ ያስተምራል ሲባል ሰምቼ ተመዘገብኩ። የደረሱኝ መምህር ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ አጥንታቸው የሚቆጠር ፈረንጅ ሴትዮ ነበሩ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ከጀርመንታውን ወዲያ ማዶ ባለች ትንሽ እርሻቸው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን አሮጌ ፒካፕ እየነዱ ለማስተማር ይመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት እናቷ የጠፋችባት ዳክዬ ያለችበት መጽሐፍ ከፊቴ አስቀመጡ። አንድ ገጽ አነበብኩና ዘጋሁት።

«ከበደሽ?» አሉኝ።

«አልከበደኝም። ግን አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ስለ ዳክዬ ማወቅ የምፈልገው ነገር የለኝም።»

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ እየሳቁ ተነሡና ወደ መኪናቸው ወረዱ። ሲመለሱ ዳሩ የተቆለመመ፣ ቡና የፈሰሰበት ብርቱካናማ ደብተር የሚመስል ነገር ይዘው ነበር። «መኪናዬ ውስጥ ለትልቅ ሰው የተጻፈ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው» አሉ። አዲስ አዳኝ ፈቃድ ከማውጣቱ በፊት የሚፈተንበት መመሪያ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ወር በዚያች መጽሐፍ ላይ ኖርን። የማላውቀውን ቃል ሁሉ በደብተሬ አሰፍራለሁ፤ አጠገቡ አማርኛውን እጽፋለሁ፤ አማርኛው ካልመጣልኝ ክፍት እተወዋለሁ እንጂ የሚቀርበውን ብዬ አልጽፍም። የቆሰለ ዋላ ስለ መከታተል የሚያወራው ገጽ ላይ ስንደርስ አንድ ቀን ሙሉ ቆምን። ከተኮሱ በኋላ «ቢያንስ ግማሽ ሰዓት» ይጠበቅ ይላል።

«ቢያንስ ማለት ሠላሳ ደቂቃ ነው ወይስ ሠላሳ አንድ?» አልኳቸው።

መምህሬ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «የሚጠበቀው ለምን ይመስልሻል?»

«መጽሐፉ ምክንያቱን አልጻፈም።»

«የተመታች ዋላ ማንም ካላባረራት ብዙ አትሄድም። ጥቂት ትራመድና ትተኛለች፤ እዚያው ታልፋለች፤ ሄደሽ ታገኛታለሽ። ካባረርሻት ግን ፍርሃቱ ጉልበት ይሰጣታል። ተነሥታ አገር አቋርጣ ትሄዳለች፤ አንቺም አታገኛት፣ እሷም ስትሠቃይ ታድራለች። ስለዚህ ደቂቃውን ሳይሆን እጅሽን እዪ። መንቀጥቀጡን እስኪተው ተቀመጪ።»

ይህን ቃል በቃል ጻፍኩት። ገጹንም በቃሌ ያዝኩት።

ፈተናው ዕለት አዳራሹ ውስጥ ጥቁር ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ሳትኩ፤ እሱንም ጥያቄው በደንብ እንዳልተጻፈ ለፈታኙ አስረድቼ፣ ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ልክ ነሽ ብሎኛል፤ ነጥቡን ግን አልሰጠኝም። በሕይወቴ እስከ መጨረሻው ሄጄ የጨረስኩት የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው። የተሰጠኝን የማለፊያ ካርድ ባለቤቴ በፕላስቲክ አስለብጦ በሚነዳው ታክሲ ውስጥ የፀሐይ መከለያው ላይ ሰካው፤ ከኤርፖርት የሚያነሣውን ተሳፋሪ ሁሉ «ሚስቴ አዳኝ ናት» እያለ ያደርቅ ነበር። ካርዱን አምጣ ስለው «አንቺ ምን ያደርግልሻል፣ ራስሽን ታውቂያለሽ» ይለኛል።

ለማደን አስቤ አልነበረም። ለማንበብ ነው ያሰብኩት። ግን ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ መምህሬ «ማንበቡን ጨርሰሻል፤ የቀረው ሜዳ ላይ ነው» አሉኝ። ዋላዎቹ የፖም ዛፎቻቸውን ቅርፊት ሳይቀር እየላጡ ጨርሰውባቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ትከሻቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው የጠመንጃ ሰደፍ ማስደገፍ ተከልክለዋል። የባላቸው ጠመንጃ ከእሳት ምድጃው በላይ፣ ከፍ ብለው በተመቱ ሁለት ኩላቦች ላይ ተጋድሞ ነበር። እንደ አሁኖቹ ከኋላ ጥይት የሚገባበት አይደለም፤ በአፈሙዙ የሚጎርስ የጥንት ዓይነት ነው። እኔ አጭር ነኝ፤ ወንበር ላይ ብወጣም አልደርስበትም። በመጣሁ ቁጥር እሳቸው በደኅናው እጃቸው አውርደው ያቀብሉኝ ነበር።

ያን በጋ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ተማርኩ። ባሩዱ ተሰፍሮ ይገባል። ቅባት የነካት ትንሽ እራፊ አፈሙዙ ላይ ትነጠፋለች፤ የእርሳስ አረሯ በእሷ ትጠቀለላለች። ከዚያ በረጅሙ ዘንግ እስከ ታች ይጠቀጠቃል። መጨረሻ፣ መተኮሻው ሰዓት ሲደርስ ብቻ፣ ከኋላ እንደ ቆብ ያለች ትንሽ መዳብ ትደረግበታለች፤ እሳቱን የምትጭረው እሷ ናት። ሁሉ አንድ ጊዜ ለመተኮስ ነው። አንዴ ተሳስቼ ባሩዱን ሳላገባ አረሩን አስቀደምኩት። ቃታውን ብስበው ቀጭ ብሎ ዝም። መምህሬ አልሳቁም፤ አረሩን በቡሽ መንቀያ በሚመስል ብረት ከአፈሙዙ እስክናወጣው ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ ሳጎርሰው እንደ ዳዊት ደጋሚ ጮክ ብዬ እላለሁ፦ ባሩድ፣ እራፊ፣ አረር፣ ዘንግ፣ ቆብ። በበጋው መጨረሻ እሳቸውም አብረውኝ ይሉ ነበር። «እራፊ»ን እንዲያውም ከእኔ አሳምረው ይሏታል።

አንድ ሕግ ነበራቸው። «ያቆሰልሽውን ፈልገሽ ካላገኘሽ ጠመንጃው ኩላቡ ላይ ይመለሳል» አሉኝ። «ከዚያ አይወርድም። ባሌ አንድ ጊዜ ሳያገኝ ቀርቶ ዓመት ሙሉ አላወረድኩለትም።» ለባላቸው ዓመት ከሆነ ለእኔ ስንት እንደሚሆን አልጠየቅኩም። ሰባተኛ ክፍል ቀርቼአለሁ፤ ይህኛው ግማሽ መንገድ ላይ እንዳይቀር ብቻ ነበር ሐሳቤ።

አደኑን ኦክቶበር ላይ አደረግነው። የተለመደው የጠመንጃ አደን የሚከፈተው የገና ጾም ከገባ በኋላ ነው፤ በአፈሙዝ ለሚጎርሰው ግን ሜሪላንድ ኦክቶበር ላይ ጥቂት ቀን ይፈቀዳል። ለመምህሬ አርባ ሦስቱን ቀን ሳስረዳቸው «የባሌ ጠመንጃና ቤተ ክርስቲያንሽ ተማክረዋል ማለት ነው» አሉ። ከተፈቀዱት ቀኖች ዓርብን አውጥቼ ቅዳሜን መረጥኩ።

የቀረኝ የበክት ነገር ነው። ዋላ በተኩስ ወድቃ ሳትባረክና ሳትታረድ ነፍሷ ከወጣች በክት ናት፤ በክት ደግሞ ማን አፉን ይከፍትላታል? ለንስሐ አባቴ ደወልኩላቸው።

«አባቴ፣ ዋላ ይበላል?»

«ሰኮናው ስንጥቅ ነው?»

«ነው።»

«ያመሰኳል?»

«ያመሰኳል።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ ልጄ፣ ኦሪት ላይ በስሙ ተጽፎልሻል።»

«አንብቤዋለሁ። የጨነቀኝ ጥይቱ ነው።»

«የሚተኩሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ?» አሉ። «አንቺ ያቺ ድምፅሽ የማይሰማው?»

«አዎ አባቴ።»

«እግዚኦ። እንግዲህ... ነፍሷ ሳትወጣ ክርስቲያን ወንድ ይድረስባትና በስመ አብ ብሎ ይረዳት።»

ሴት እንደማታርድ እኔም አላጣሁትም። አሌክሳንድሪያ በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ለፋሲካ ከአንድ እርሻ የገዛኋትን ዶሮ አቅፌ፣ ባለቤቴ ሺፍት ላይ ስለነበር የሚያርድልኝ ወንድ ፍለጋ ከፎቅ ፎቅ የሐበሻ በር ሳንኳኳ ውያለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተከፈተልኝ ሰውዬ ዶሮዋን አይቶ «እኔ እንኳ ደም ሳይ እወድቃለሁ» ብሎ በሩን ዘጋ። ስለዚህ ባለቤቴን ሳማክረው ተደሰተ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቢላዋ ሲስል ሰነበተ።

«በመጨረሻ እኔም ሥራ ተገኘልኝ» አለ። «አንቺ ትተኩሻለሽ፣ እኔ አርዳለሁ፣ ፈረንጇ ይፈርዳሉ።»

ማድረግ የሌለበትን ሁሉ ነገርኩት። ሽቶ አትቀባ። አታስል። ስልክህን ዝጋ። ቅጠል ላይ እግርህን አታንኳኳ። ሲያሳክክህ አትከክ። ስለ ግማሽ ሰዓቱ ግን አልነገርኩትም። እሱ የሚይዘው ቢላዋ እንጂ ጠመንጃ አይደለምና የሚያስፈልገው አልመሰለኝም። ገጹን በቃሌ የማውቅ ሴት!

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከፖም ዛፎቹ ጀርባ በወደቀ ትልቅ ግንድ ተከልለን ተቀመጥን። መምህሬ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ከቤታቸው በረንዳ ላይ ቀሩ። ባለቤቴ አዳኝ ሁሉ እንዲለብስ የሚገደደውን ብርቱካናማ ሰደርያ በሸሚዙ ላይ ደርቦ፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማውን ተጫምቶ፣ ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር።

«መንገድ ሠራተኛ መሰልኩ አይደል?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ዝም በል።»

«ቅዳሴ ላይ እንኳ እንዲህ አልቆምኩም።»

«አልቆምክማ። ተቀምጠህ ነው የምታስቀድሰው። ዝም በል።»

ሁለት ሰዓት ያህል ዝም አለ። ትዳራችን ውስጥ ረጅሙ ዝምታው ሳይሆን አይቀርም።

በኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ሲሆን አንዲት ሴቴ ዋላ ከጫካው ወጣች። ቆመች፤ ጆሮዋን ወደ እኛ፣ ከዚያ ወደ ቤቱ አዞረች፤ ከዚያ የወደቀ ፖም ማኘክ ጀመረች። ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር፤ ሰው ፖም ሲገምጥ እንደሚሰማው ዓይነት። ቆቡን አደረግኩ። ጎኗን ሰጠችኝ። በስመ አብ አልኩ በልቤ፤ ቃታውን ሳብኩ።

የዚህ ጠመንጃ ጭስ ነጭና ወፍራም ነው፤ ከፊት ለፊትህ መጋረጃ ይጥላል። የተኮሰ ሰው ምን እንደሠራ ወዲያው አያይም። ጭሱ ውስጥ ሆኜ እጄ ሲንቀጠቀጥ አየሁትና ተቀመጪ አልኩ ለራሴ። ያኔ አጠገቤ የነበረው ሰው የለም።

ጭሱ ገለጥ ሲል የታየኝን መቼም አልረሳው። ባለቤቴ ቢላዋውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ፣ ሰደርያው እየተውለበለበ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» እያለ በሜዳው መካከል ይሮጣል። ዋላዋ ከጫካው ዳር፣ ስልሳ እርምጃ ያህል ርቃ ተኝታ ነበር። ተኝታ ነበር! ትንሽ ቢቆይ እዚያው ነበረች። አንገቷን ቀና አደረገች፤ አየችው፤ ተነሣች፤ ሄደች። እሱም ተከትሏት ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

ሲመለስ አንድ እግሩ ጫማ የለውም።

«አመለጠችኝ!» አለ እያለከለከ። «ይቺን ታህል ቀርቼ!»

«ማን ሩጥ አለህ?»

«አባ ናቸዋ! ነፍሷ ሳትወጣ ድረሱ አላሉም?» ከዚያ ፊቴን አየና ድምፁ ወረደ። «ምነው? ምን አጠፋሁ?»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የምጠላው ነገር ቢኖር የራሴ ስሕተት በሰው እጅ ሲሠራ ማየት ነው።

መምህሬ ከዘራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ መጡ። ሁሉን ከበረንዳ አይተዋል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ስትተኩሺ የት ላይ ቆማ ነበር?» አሳየኋቸው። አጎንብሰው ሣሩን ዳሰሱ፤ ጣታቸው ቀይ ደም ነክቶት ወጣ። «እንግዲህ አሁን አንድ ሰዓት እንጠብቃለን» አሉ። «ስለተባረረች።» ሰማዩን አዩ። «ብርሃኑ ይበቃል። ለጥቂት ይበቃል።»

ሦስታችንም ግንዱ ላይ ተቀመጥን። ባለቤቴ ኪሱ ውስጥ ዳቦ ቆሎ ነበረው፤ ለመምህሬ ዘገነላቸው። ለምን እንደሮጠ በራሱ እንግሊዝኛ አስረዳቸው፤ ስለ በክት፣ ስለ መባረክ፣ ሳይባረክ ስለሞተ እንስሳ። እየቆረጠሙ ሰሙት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «እሷ አልሮጠችም። ጠመንጃውን አይውሰዱባት።»

«የሚጠየቀው ጠመንጃ የያዘው ነው» አሉ መምህሬ፣ ድምፃቸው ሳይከፋ።

«ልክ ነው» አልኩ እኔ። ልክ ነበር። ባለቤቴ እጄን ያዘው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱ እስኪረጋ ድረስ አልለቀቀውም።

ሰዓቱ ሲሞላ መምህሬ ከቦርሳቸው አንድ ጥቅል ሶፍት አውጥተው ለባለቤቴ ሰጡት። «እሷ ደም ስታገኝ አንተ ቅርንጫፉ ላይ ቁራጭ ትሰቅላለህ። ሥራህ እሱ ነው። ቢላዋው ይቆይ።» ጠመንጃውን ባዶውን እኔ ያዝኩ።

ደም መፈለግ በኦክቶበር ከባድ ነው። ቅጠሉ ራሱ ቀይ ነው፤ በቀዩ ላይ ነጠብጣብ አለው። ያየሁትን ሁሉ ጣቴን በምራቄ አርሼ እነካለሁ፤ ከደማ ደም ነው፣ ካልደማ ቅጠል ነው። ግን ይህ እኔ የማውቀው ሥራ ነው። አንድን ቃል ሳልጨርስ ወደሚቀጥለው ሄጄ አላውቅም። ተንበርክኬ፣ ቅጠል በቅጠል፣ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሄድኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ በአንድ ጫማው እያነከሰ ሶፍቱን ይሰቅላል፤ መምህሬ ከእሱ ኋላ በከዘራቸው ይመጣሉ።

አንዲት ትንሽ ወንዝ ላይ ስንደርስ ጠፋ። ማዶ ተሻገርኩ፤ የለም። ተመለስኩ፤ የለም። ፀሐይዋ ከዛፎቹ ወገብ በታች ወርዳለች። በቃ አልኩ በሆዴ። ሰባተኛ ክፍል።

«ቀና በይ እስቲ» አለኝ ባለቤቴ።

«ፈልግ ባክህ።»

«አንቺ ቀና በይ! ወደ ኋላሽ እዪ።»

ዞርኩ። በመጣንበት ጫካ ውስጥ ነጫጭ የሶፍት ቁራጮች ተራ በተራ ተንጠልጥለዋል። እኔ አፍንጫዬን መሬት ላይ ደፍቼ ስለመጣሁ ቀጥ ብለን የሄድን መስሎኝ ነበር። መስመሩ ግን ይጠመዘዛል፤ በትንሽ በትንሹ ወደ ግራ።

«ሃያ ዓመት መንገድ ላይ ነኝ» አለ። «የደከመው ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ቤቱ። ወደ ወጣችበት እየተመለሰች ነው። አልተሻገረችም፤ ወንዙን ይዛ ወደ ግራ ነው የሄደችው።»

መምህሬን አየኋቸው። ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ባለቤቴን ያዩታል። ወደ ግራ ሄድን። አርባ እርምጃ ሳንሄድ አንድ ጠጠር ላይ ደም አገኘሁ፤ ቀጥሎም ቁጥቋጦው ውስጥ እሷን። በሕይወት አለች። አንገቷ ቀና ብሏል፤ መነሣት ግን አልቻለችም።

ባለቤቴ ቆመ። እጁ ወደ ቢላዋው አልሄደም።

«አጉርሺ» አሉኝ መምህሬ።

የባሩዱን መስፈሪያ ከፍቼ ቆምኩ፤ ምን እንደሚቀድም ጠፋኝ። ስንት ቅዳሜ የደገምኩት ጠፋኝ። ያኔ ከኋላዬ፣ በቀስታ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ድምፅ፣ በአማርኛ ሰማሁ።

«ባሩድ።»

ባሩዱን ጨመርኩ።

«እራፊ።» አነጠፍኩ። «አረር።» ጠቀለልኩ። «ዘንግ።» ጠቀጠቅኩ፤ ዘንጉ ታች ሲደርስ ተሰማኝ። መምህሬ ትንሽ ቆዩ። «ቆብ።»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ፣ በዚህ ጊዜ በአፌ። ባለቤቴ «አሜን» አለ። ተኮስኩ።

ጭሱ ውስጥ የእግር ኮቴ እሰማለሁ ብዬ ጠበቅኩ። አልሰማሁም። ሲገለጥ ባለቤቴ እዚያው አጠገቤ ቆሟል፤ እኔን ነው የሚያየኝ።

«ልሂድ?» አለኝ።

መምህሬን አየሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። በእርምጃ ሄደ፤ አንድ እግሩ በጫማ፣ አንድ እግሩ በካልሲ። አጠገቧ ተንበረከከ፣ መዳፉን ግንባሯ ላይ አደረገ፣ ባረካት፣ ነፍሷ ሳትወጣ አረዳት።

በሚቀጥለው እሑድ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው። «እና ስንት ጊዜ ተባረከች ነው የምትዪኝ?» አሉ።

«አራት ጊዜ አባቴ። ከመተኮሴ በፊት በልቤ፣ ሁለተኛው በሩጫ፣ ሦስተኛው በአፌ፣ አራተኛው ስትታረድ።»

መስቀላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እስኪበቃቸው ሳቁ። «እኔ እንኳ በሬ ስባርክ አራት ጊዜ ብዬ አላውቅም። ብሉ! ለእኔም ላኪልኝ።» ላክሁላቸው። ጎረቤት ሁሉ በላ፤ ያ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ። ባለቤቴ ግን ታሪኩ ሲነሣ አይስቅም፤ «ጫማዬ እስከ ዛሬ እዚያ ጫካ ውስጥ ነው» ይላል ብቻ። በዓመቱ መመሪያውን ራሱ አነበበ። የግማሽ ሰዓቱ ገጽ ጠርዝ ላይ ግን እኔ ቀድሜ በእርሳስ ጽፌበት ነበር፦ «ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ አብሮሽ ላለው ሁሉ።»

ያን ቅዳሜ፣ ሥጋውን አሰናድተን ከጨረስን በኋላ፣ መምህሬ ጠመንጃውን ኩሽናቸው ውስጥ በፍል ውኃና በሳሙና አሳጠቡኝ። የባሩድ ጥቀርሻ ሳይታጠብ ካደረ ብረቱን ይበላዋል። ዘንጉ ላይ እራፊ ጠምጥሜ፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሜ ወለወልኩት፤ ዘይት ቀባሁት። ጠመንጃው ኩላቡ ላይ ተመልሶ ይቀራል ወይስ ዳግም ይወርድልኛል ብዬ ለመጠየቅ አፌ አልደፈረም።

ሳሎን ውስጥ መዶሻ ሰማሁ። ስወጣ መምህሬ በደኅናው እጃቸው ሁለቱን ኩላቦች ከላይ ነቅለው፣ ከምድጃው ጎን፣ ዝቅ አድርገው እየመቷቸው ነው። ባለቤቴ በአንድ ጫማው ቆሞ ሚስማር ያቀብላቸዋል።

«ስቀይው እስቲ» አሉኝ።

ያለ ወንበር ደረስኩበት።